የጋሽ በቀለን ጉንጉን የበላው

ማመን የማይፈልግ ሰው ከአሁኑ ይለፈው... አልቀየምም።

እኔ ግን ሣሩን በዓይኔ አይቻለሁ። በእጄም ነክቼዋለሁ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው መስከረም፣ እዚሁ ላስ ቬጋስ ውስጥ ነው። ሰዓቱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ፈረንጆቹ ስድስት የሚሉት፣ ፀሐይ ልትወጣ ስትል። ቦታው ከማውንተንስ ኤጅ ሰፈር አለፍ ብሎ፣ ቤቶቹ አልቀው በረሃው የሚጀምርበት ጋ ያለ መካነ መቃብር ነው። ስሙን አልጠራም። እዚያ ዘመድ ያስቀበሩ ሐበሾች አሉ፣ እንቅልፍ ልነሳቸው አልፈልግም።

ስሜ አስካል ነው። የሆቴል ክፍል የማጸዳ ሴት ነኝ፣ ሰው ትቶት የሚሄደውን ጉድ ሁሉ አይቻለሁ፣ በቀላሉ አልደነግጥም።

ታሪኩ ግን የእኔ አይደለም። የወርቅውሃ ነው።

ወርቅውሃ የሥራ ጓደኛዬ ናት። አንድ ሺፍት፣ አንድ ፎቅ ላይ አብረን አንሶላ እንቀይራለን። ቁመቷ አጭር ነው፣ ምላሷ ግን ከቁመቷ ይረዝማል። ሱፐርቫይዘሩ ሲጮህባት ጋሪዋን አቁማ እስኪጨርስ ትጠብቀውና "ጨረስክ?" ትለዋለች። በአማርኛ። እሱም ይገባዋል።

እምቢ ካለች እምቢ ነው። ይህን ያዙልኝ።

ነሐሴ ላይ አባቷ ጋሽ በቀለ ታመው ሆስፒታል ገቡ። ጋሽ በቀለ በደርግ ጊዜ ሚስታቸውን በመንገድ ቀብረው፣ ትንሽ ልጃቸውን ይዘው በመተማ በኩል ሱዳን የገቡ፣ ከዚያም ስደተኛ ተብለው እዚህ የመጡ ሰው ናቸው። ብዙ ዓመት በካዚኖ ፓርኪንግ ሠርተዋል። ዝምተኛ ነበሩ። ስለዚያ መንገድ ሲያወሩ የሰማ ሰው የለም።

ሊሞቱ ሲሉ የልጃቸውን እጅ ያዙና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"ወርቄ... እስከ አርባዬ ድረስ አውሬ እንዳይጠጋኝ።"

እሷ ትኩሳቱ የሚያቃዣቸው መሰላት። እዚህ አገር ሬሳው ሣጥን ውስጥ፣ ሣጥኑም ሲሚንቶ ውስጥ እንደሚገባ፣ አውሬ ቀርቶ ጎርፍ እንደማያገኛቸው አስረዳቻቸው።

እሳቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

"እኔን ብቻ አይደለም። ከላዬ ያለውንም እንዳይነካ።"

"አይነካም።"

"ማዪልኝ።"

"በእማዬ አጥንት። አይነካም፣ አባዬ።"

በማግሥቱ አረፉ።

እንግዲህ ወርቅውሃ ትከሻ ላይ የወደቀው ነገር ይኸው ነው። እስከ አርባው ድረስ ከአባቷ መቃብር ላይ አንዲት አበባ እንኳ አውሬ እንዳይቀምስ። ሰው ቢስቅባት ግድ አልነበራትም። በእናቷ አጥንት ምላለች።

ቀብሩ ደህና ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ሰው መጣ፣ እኛም ከሆቴሉ አዋጥተን ትልቅ የነጭ ጽጌረዳ ጉንጉን ይዘን ሄድን። መቃብሩ በአበባ ተሸፈነ። ድንጋዩ ገና ስላልተሠራ፣ እዚያ ማን እንደተኛ የሚናገረው አበባው ብቻ ነበር።

ሣልስቱ እንዳለፈ ጠዋት ስትሄድ ጉንጉኑ ግማሹ የለም።

እዚያ ቦታ ሣር የሚያጭድና ውኃ የሚያጠጣ ኤልሳዕ የሚባል ሐበሻ አለ። ጴንጤ ነው፣ እሑድ እሑድ በአማርኛ መዘምራን ውስጥ ይዘምራል፣ ለሰው አዛኝ ነው። እሱ ምንም አልገረመውም። ዘንድሮ ዝናብ ጠፍቶ ተራራው ላይ የሚበላ ነገር እንደሌለ፣ በዚህ ሁሉ በረሃ መሐል ለምለሙ ይህ ቦታ ብቻ ስለሆነ ጥንቸሎቹ ሁሉ እዚህ እንደሚያድሩ ነገራት። ጽጌረዳ ለጥንቸል ከረሜላ ነው አላት። የሁሉም ሰው አበባ ይበላል።

"የሌላውን ይብሉ" አለችው። "የአባዬን አይበሉም።"

ልጇ ሚሚ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፣ መላ አታጣም።

"ማሚ፣ ፌክ አበባ ግዢ። ራቢት ፌክ አይበላም።"

"አባቴ ፌክ ነው የሞተው?"



ወርቅውሃ የራሷን መላ ዘየደች። መጀመሪያ የሽቦ መረብ ገዝታ እንደ ቅርጫት ጎንበስ አድርጋ ጉንጉኑ ላይ ደፋችው፣ ዙሪያውንም በድንኳን ካስማ መሬቱ ላይ ቸነከረችው። ቀጥላ ደግሞ መስታወት የምናጸዳበትን ዓይነት የመርጫ ጠርሙስ ወሰደችና ሚጥሚጣ በውኃ በጥብጣ ሞላችው። አበባውን ቅጠል በቅጠል ረጨችው። ኤልሳዕ አጥር ክልክል ነው ሊላት መጥቶ ሽታው ሲመታው አስነጥሶት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሽቦውን እንዳላየ ሆነ።

ጥንቸሎቹም ቀመሱት። አፍንጫቸውን በእግራቸው እየጠረጉ ሲሮጡ አየሁ ብላ በምሳ ሰዓት እየሳቀች ነገረችኝ። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ስትስቅ ያን ቀን ነው ያየኋት።

ለጥቂት ቀናት ሰላም ሆነ።

ከዚያ...

አንድ ጠዋት ደወለችልኝ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው።

"አስካል፣ ሺፍትሽ ስንት ሰዓት ነው?"

"ሦስት። ምነው?"

"ነይና እይ።"

መኪናዬን በሩ አጠገብ ፓርክ አድርጌ ገባሁ። ወርቅውሃ መቃብሩ አጠገብ ቆማለች። ኤልሳዕ ከጎኗ አለ።

የሽቦው መረብ እንደተደፋ ነው። ካስማዎቹ አልተነቀሉም። ሽቦው አልተቆረጠም፣ አልተጣመመም።

ውስጡ ያለው ጉንጉን ግን ባዶ ነው። አበባ የለ፣ ቅጠል የለ፣ የታሰረበት ቀለበት ብቻ ቀርቷል።

ዙሪያዬን አየሁ። የጎረቤት መቃብሮች አበባ ሙሉ ነው። ያልተረጨ፣ ሽቦ የሌለው፣ ለማንም አውሬ የተመቸ አበባ። አንዱም አልተነካም።

ሌላም ነገር ነበር። ጥንቸል የለም። በዚያ ሰዓት ሣሩ ላይ የሚርመሰመሱት ጥንቸሎች አንድም አልነበሩም። ወፍም አልሰማሁም።

"ሣሩን እይው" አለችኝ።

አየሁት። መቃብሩን ይዞ፣ ከእሱም አልፎ፣ ሣሩ ክብ ሆኖ ተግጧል። ዙሪያው በኮምፓስ የተለካ ይመስላል። ከክቡ ውጭ ያለው ሣር ለምለም ነው። ከክቡ ውስጥ ያለው እስከ ሥሩ ተግጦ አፈሩ ይታያል። የጋሽ በቀለ መቃብር ከጠርዙ በመለስ፣ ውስጥ ነው።

ጎንበስ ብዬ ነካሁት። ማጨጃ የቆረጠው ሣር አይደለም። በጥርስ የተነጨ ነው።

ኤልሳዕ ስፕሪንክለሩ ተበላሽቶ ይሆናል አለ፣ ውኃው በክብ ስለሚዞር ሣሩ እንዲህ ይደርቃል። ቼክ አደርገዋለሁ አለ። ግን ወደ ስፕሪንክለሩ አልሄደም። ቆሞ ክቡን ያያል።

ወርቅውሃ ምንም አልተናገረችም።

እኔን ያስፈራኝ ያ ነው። ወርቅውሃ ዝም ብላ አታውቅም።

በምሳ ሰዓት የሆቴሉ ምድር ቤት፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖቹ ጩኸት ማንንም በማያሰማበት ጥግ ወስዳ አስቀመጠችኝ። ያኔ ነው የነገረችኝ።

እናቷ የሞተችው በረሃው መሐል፣ በበሽታ ነው። መሬቱ ጠጣር ነው፣ መቆፈሪያ የለም፣ አብረዋቸው የሚሄዱት ሰዎች ቆመው አይጠብቁም። ጋሽ በቀለ በዱላና በጥፍራቸው የቻሉትን ያህል ጫሩ። ጉድጓዱ ከጉልበት አይበልጥም ነበር። ድንጋይ ሰብስበው ከመሩበት። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከማዶ ጅቦች መጮህ ጀመሩ።

አንድ አህያ ነበራቸው። ዳልቻ። እናቷን እዚያ ድረስ ተሸክሞ ያመጣት እሱ ነው። ለቀናት የሚጋጥ ነገር አላገኘም፣ ጎድኑ ወጥቷል፣ ጀርባው በጭነት ብዛት ገጣባ ሆኗል።

ጋሽ በቀለ ከመቃብሩ አጠገብ ችካል ተክለው ዳልቻውን አሰሩት።

ጅብ አህያ ካገኘ መቃብር አይቆፍርም። ሂሳቡ ይህ ነበር። መጥተው እሱን ይበላሉ፣ ጠግበው ይሄዳሉ፣ እናቷ ታርፋለች።

"ገመዱን የያዝኩለት እኔ ነኝ" አለችኝ።

አባትና ልጅ ሌሊቱን ከድንጋይ ጀርባ ተደብቀው አደሩ። ሲነጋ መቃብሩ አልተነካም። አህያው ግን የለም። የተበላ አህያ ቢያንስ ደም ይተዋል፣ ሰኮና ይተዋል። ምንም አልነበረም። ገመዱ የለም፣ ችካሉም የለም። በገመዱ ልክ ዞሮ ዞሮ መሬቱን የረገጠበት ክብ ብቻ ቀርቶ ነበር።

"ያን ክብ ባየሁት ጊዜ ልጅ ነበርኩ" አለችኝ። "ዛሬ ጠዋት ግን ወዲያው ነው ያወቅሁት።"

ክንዷን ያዝኩ።

"ወርቅዬ... የዱር አህያ ይሆናል እኮ። ተራራው ላይ ሞልቷል።"

"ይሆናል።"

"ታዲያ?"

"የዱር አህያ ታስሮ አይግጥም።"

ልክ ናት። የታሰረ እንስሳ ነው እንደዚያ በክብ የሚግጠው። የሚዞርበት ገመድ፣ ገመዱን የሚይዝ ችካል ያስፈልጋል። ክቡ መሐል ላይ ደግሞ ምንም የለም።

"ምን ፈልጎ ነው?" አልኳት በሹክሹክታ።

"ርቦታል" አለች። "ያኔም ርቦት ነበር።"

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ እንባ አልነበረም።

"አላፍርም አስካል። እናቴ ናት። ደግሜም አስረዋለሁ። የአባዬን አበባ ግን አይበላም።"

በማግሥቱ ወደ ብሉ ዳይመንድ መንገድ፣ የፈረስ መኖ ከሚሸጥበት ሱቅ አንድ እስር ድርቆሽ ገዛች። በሚሚ መኪና አምጥታ ክቡ ውስጥ ዘረገፈችው። ከራበው ይብላ አለች። እኔ የማበላው ድርቆሽ ነው፣ አበባ አይደለም። አዲስ ጉንጉን አስቀመጠች፣ በሚጥሚጣ ረጨችው፣ በሽቦ ከደነችው።

ጠዋት ድርቆሹ እንደነበረ ነው። አንዲት ሰበዝ አልጎደለችም።

ጉንጉኑ ተበልቷል።

ድርቆሹ የተዘረገፈበት አፈር ላይ ደግሞ ኮቴ ታተመ። ትንሽ የአህያ ኮቴ፣ ብረት ያልተመታለት። ኤልሳዕ ከየት እንደመጣ ሊከተለው ሞከረ። ኮቴው ክቡ ውስጥ በብዛት አለ። ከክቡ ውጭ ግን አንድም የለም። አልገባም፣ አልወጣም።

ኤልሳዕ ያኔ ቀልዱን ተወ። አውሬ ፎቶ የሚያነሳ ትንሽ ካሜራ ከአንድ ዛፍ ላይ አሰረ። በነጋታው ስንመጣ ስልኩን ይዞ በሩ ጋ ቆሞ ይጠብቀናል። ለወርቅውሃ ሊያሳያት አልፈለገም። እሷ እጇን ዘረጋች፣ ሰጣት።

ፎቶው ላይ ክቡ አለ። ሽቦው አለ። የአህያ ጀርባ ይታያል፣ ጭንቅላቱ ከፎቶው ውጭ ቀርቷል።

ጀርባው ላይ ገጣባ አለው። ትኩስ ገጣባ፣ ጭነት ትናንት የወረደለት የሚመስል።

"የዱር አህያ ጭነት አያውቅም" አለ ኤልሳዕ። ቀጥሎም ሙታን ወደዚህ ዓለም እንደማይመለሱ፣ ይህ ከጠላት እንደሆነ፣ አብረን ብንጸልይ እንደሚሻል ነገራት።

"አንተ ጸልይ" አለችው። "እኔ አባቴን እጠብቃለሁ።"

ፎቶውን አጠፋው።

የአርባው ዋዜማ ደረሰ። በማግሥቱ ቄሱና ሕዝቡ መቃብሩ ላይ ለፍትሐት ይመጣሉ። ወርቅውሃ እስከዚያ ቀን የተበላውን ሁሉ እየተካች፣ መቃብሩን ለአንድ ቀን እንኳ ባዶ ሳታውል እዚህ ደርሳለች። ለአርባው ያስሠራችው ጉንጉን ከሁሉም ትልቅ ነበር፣ ለሁለት ነው የተሸከምነው።

በሩ እንደተከፈተ ገባን። የሚታጠፍ ወንበር ይዛለች። ሽቦ አላመጣችም። ሚጥሚጣም አላመጣችም። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

"ዛሬ እኔ አለሁ" አለች።

ጉንጉኑን መቃብሩ ላይ አቁመን ቀና ስንል...

ቆሟል።

ከየት እንደመጣ አላየሁም። ምንም ድምፅ አልሰማሁም። ከክቡ ወዲያኛው ጠርዝ ላይ፣ ጎድኑ አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ ዳልቻ አህያ ቆሟል። ጆሮዎቹ ወደ እኛ ዞረዋል። ዝንብ የለበትም። ጀርባው ሙሉ ቁስል ሆኖ ሳለ አንድ ዝንብ አላረፈበትም።

ወደ ወርቅውሃ ጀርባ ተጠጋሁ።

አህያው መጣ። ቀጥ ብሎ አልመጣም። የታሰረ እንስሳ እንደሚያደርገው ጠርዙን ይዞ በክብ ዞሮ መጣና አንገቱን ወደ ጉንጉኑ ዘረጋ።

ወርቅውሃ መሐል ገባች።

እንዲህ ቀረበች... ትንፋሹ ሻሿን እስኪያነሳው። እኔ ከኋላዋ ሆኜ ሸተተኝ። ትንፋሹ ሚጥሚጣ ይሸታል።

"ዳልቻ" አለችው።

ጆሮው ተንቀሳቀሰ።

"አስረንሃል። አልክድም። እናቴ በአንተ ዳነች። ይቅርታ ግን አልልህም፣ ምክንያቱም ደግሜ አደርገዋለሁ።"

አህያው አልተነቃነቀም። እሷም አልተነቃነቀችም።

"ይህን አበባ ከቀመስክ በእኔ ሬሳ ላይ ነው።"

ምን ያህል እንደቆሙ አላውቅም። ለእኔ ሙሉ ሺፍት መስሎኛል። ከዚያ ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገ፣ ግንባሩን ደረቷ ላይ አሳረፈ። እንደ ደከመው ሰው ዓይኑን ጨፈነ።

ወርቅውሃ ያኔ ነው የተሸነፈችው። ያሸነፋት ፍርሃት ሳይሆን እዝነት ነው። አየኋት፣ ትከሻዋ ሲወርድ።

"ሥራህን ጨርሰሃል" አለችው በለሆሳስ። "እማዬም አርፋለች። ሂድ።"

ወደ ክቡ መሐል ሄዳ ተንበረከከች። ምንም በሌለበት ባዶ አፈር ላይ እጇን ዳበስ ዳበስ አደረገች። ጣቶቿ አንድ ነገር አገኙ። እኔ አላየሁትም፣ ጣቶቿ ግን ቋጠሮ እንደሚፈታ ሰው ይሠሩ ነበር። ጥፍሯ ሲሰበር ሰምቻለሁ። በመጨረሻ ሁለቱ እጆቿ በድንገት ተለያዩ።

አህያው ራሱን አራገፈ። ጉንጉኑን አሽትቶ አለፈው፣ አልቀመሰውም። ከክቡ ወጣና በመቃብሮቹ መሐል ወደ ተራራው ሄደ። አንድ ጊዜም ዞሮ አላየም።

ወርቅውሃ ሳቀች። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። ኤልሳዕ ከመኪናው ወርዶ እየሮጠ መጣ፣ እሱም አይቷል። ተቃቀፍን። የተበላው ቢበላም አበባው ሙሉ ነው፣ አርባው ነገ ነው፣ ቃሏ ተጠበቀ አልን።

ያኔ ነው ከፈፋው የሰማነው።

ከመቃብሩ ቦታ ጀርባ ደረቅ ፈፋ አለ፣ ጎርፍ ሲመጣ ብቻ ውኃ የሚሄድበት። ከዚያ ውስጥ ነው የመጣው። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ረጅም ጩኸት። ሌላው ተቀበለው። ሌላው ደግሞ ሳቀ።

"ካዮቲ ናቸው" አለ ኤልሳዕ።



ካዮቲን፣ የዚህን አገር ቀበሮ፣ አውቃለሁ። እኔ በምኖርበት በሲልቬራዶ ራንች ሰፈር ከቤቴ ጀርባ ሳይቀር ይጮሃል። ይህ ካዮቲ አልነበረም። በዚህ አገር የሌለ፣ ወርቅውሃ ግን በልጅነቷ ከድንጋይ ጀርባ ሆና ሌሊቱን ሙሉ የሰማችው ነው።

ፊቷ ላይ ነገሩ ሲገባት አየሁ፣ ለእኔም አብሮ ገባኝ። አህያው ሊበቀል አልነበረም የመጣው። የታሰረበትን ሥራ እየሠራ ነበር። እሱ እዚያ ታስሮ እስከቆመ ድረስ እነዚያ ወደ መቃብሩ አይጠጉም። አበባውን የበላው ደግሞ ርቦት ብቻ ነው፤ ድርቆሽ የሕያው አህያ መኖ ነው።

እኛ ደግሞ ፈታነው።

ኤልሳዕ በቶሎ ወደ መኪናው እንድንገባ ለመነን። እኔም ክንዷን ጎተትኩ። እጄን ቀስ ብላ አስለቀቀችው።

"ወንበሩን አምጪልኝ።"

"ወርቅዬ እባክሽ..."

"ወንበሩን።"

ሰጠኋት። ክቡ መሐል ላይ ዘርግታ፣ ፊቷን ወደ ፈፋው አድርጋ ተቀመጠች። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣመረች።

"ኑዋ" አለች ጮክ ብላ። "እኔ አለሁ።"

ፈፋው ዝም አለ።

በማግሥቱ አርባው ወጣ። ቄሱ ጸለዩ፣ ሕዝቡ ቆመ፣ ጉንጉኑ ላይ አንዲት ቅጠል አልጎደለችም። የአባቷን ቃል ጠብቃለች፣ ይህን ማንም አይቀማትም። ጸሎቱ አልቆ ሁሉም ለተዝካሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሲሄድ ግን እሷ ከወንበሩ አልተነሳችም። ሚሚ አልቅሳ ለመነቻት። እኔም አርባው እኮ አለፈ አልኳት።

"አርባ የሚቆጥረው ሰው ነው" አለችኝ። "እነሱ አይቆጥሩም።"

ሥራ አልተመለሰችም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኤልሳዕ ደወለልኝ። ማታ በሩን የሚዘጋው እሱ ነው፣ ጠዋትም የሚከፍተው እሱ ነው። ማታ ከሚሚ ጋር እስከ መኪናቸው እንደሚሸኛት ነገረኝ። ጠዋት ቁልፉን ከፍቶ ሲገባ ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ያገኛታል። እንዴት እንደምትገባ መጠየቅ ትቷል። ከሥራው ሊለቅ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ምግብ ቋጥሬ ሄድኩ።

ፀሐይ ልትወጣ ስትል ደረስኩ። ከሩቅ አየችኝ፣ እጇን አነሳች። ከስታለች፣ ፊቷ ግን ፈክቷል። ከኋላዋ የጋሽ በቀለ መቃብር በአዳዲስ አበባ ተሞልቷል። በዚህ ሁሉ በረሃ እንደዚያ ያማረ መቃብር አላየሁም።

"አስካልዬ" ብላ ከወንበሩ ተነሳች። ልታቅፈኝ እጆቿን ዘርግታ በጥድፊያ መጣች።

መሐላችን አንድ እርምጃ ሲቀር ቆመች።

አንገቷ ትንሽ ወደ ኋላ ተሳበ። ወደ ታች አየሁ። የጫማዋ ጫፍ የተጋጠው ሣር ጠርዝ ላይ ነው።

"ነይ እንጂ" አልኳት።

ሳቀች። ያው የድሮ ሳቋ ነው።

"አንቺ ነይ" አለችኝ።

ከጥርሷ መሐል አንዲት ነጭ የጽጌረዳ ቅጠል ነበረች።